ፎቶው የእኛ፣ ቁልፉ የማን? ስለ ሮው ፋይልና ስለ አዳዲስ ካሜራዎች

በፊልም ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር። ነጋቲቩን የያዘ ሰው ፎቶግራፉን ይዟል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከመሳቢያ አውጥቶ ወደ መስኮት ብርሃን ቢያነሳው ምስሉ እዚያው አለ። ካሜራውን የሠራው ኩባንያ ቢከስር፣ ፊልሙን ያጠበው ፎቶ ቤት ቢዘጋ ነጋቲቩ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ዛሬ ግን በዲጂታል ካሜራ ያነሳነውን ፎቶ ዋናውን ቅጂ ለማየት የካሜራ ሠሪውና የሶፍትዌር ሠሪው መስማማት ያስፈልጋል።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት ለካሜራ አፍቃሪዎች ብቻ ብዬ አይደለም። ሠርጉን ያስነሳ፣ የልጁን ምርቃት ያስቀረጸ፣ መሥሪያ ቤቱ የፎቶ ክምችት ያለው ሁሉ ይመለከተዋል። እኔም ሙያዬ ሕግ ቢሆንም ፎቶ ማንሳት ከወደድኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛልና ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ላሳያችሁ እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥርና በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ከምገልጸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮው ፋይል ምንድን ነው?

ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ቀለም አያውቅም። የሚያውቀው የብርሃንን መጠን ብቻ ነው። ቀለም እንዲለይ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ አንዲት ትንሽ ባለ ቀለም ማጣሪያ ትደረግበታለች። ዛሬ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ የሚገኘውን የማጣሪያ አደራደር የፈለሰፈው የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ቤየር ሲሆን፣ ፓተንቱ የተሰጠው በ1976 ነው። ከማጣሪያዎቹ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴው የበዛበት ምክንያት የሰው ዓይን ለዚያ ቀለም ይበልጥ ንቁ በመሆኑ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ነጥብ የምትመዘግበው ከሦስቱ ቀለሞች አንዱን ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ከጎረቤቶቿ እያሰላ የሚሞላው ሶፍትዌር ነው።

ይህን ስሌት ካሜራው ራሱ ሠርቶ፣ ቀለሙንና ጥራቱን ወስኖ፣ ያላስፈለገውን ጥሎ ሲያስረክበን ጄፔግ ይባላል። ምንም ሳይወስን ሴንሰሩ የመዘገበውን እንዳለ ሲያስቀምጥልን ደግሞ ሮው፣ ማለትም ጥሬ ፋይል ይባላል። በቁጥር እንየው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ አለው። ባለ 12 ቢት ሮው 4,096፣ ባለ 14 ቢት ሮው ደግሞ 16,384 ደረጃ ይይዛል።

በወጥ ቤት ቋንቋ ጄፔግ የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ሮው ደግሞ ሊጡ። ሊጥ ሲወፍር ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ይወፍራል። ከምጣድ የወጣውን እንጀራ ግን ማንም መልሶ ሊጥ አያደርገውም። ነጭ ቬሎ የለበሰችውን ሙሽራና ጥቁር ሱፍ የለበሰውን ሙሽራ በቀትር ፀሐይ አንድ ላይ ያነሳ ባለሙያ ልዩነቱን ያውቀዋል። በጄፔጉ የቬሎው ጥልፍ በነጭ ተውጦ ሲቀር፣ ከሮው ፋይሉ ብዙ ጊዜ ጥልፉን መልሶ ማውጣት ይቻላል። በጧፍ ብርሃን ብቻ በተነሳ የቤተ ክርስቲያን ፎቶ ላይ የመጣውን ቢጫነት ማረምም እንዲሁ ከሮው ይቀላል።

ሶፍትዌር ካሜራን «ያውቃል» ሲባል

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ሮው የሚባል አንድ ወጥ ፎርማት አለመኖሩን ነው። የካኖን ፋይል ሲአር2 ወይም ሲአር3፣ የኒኮን ኤንኢኤፍ፣ የሶኒ ኤአርደብሊው፣ የፉጂፊልም አርኤኤፍ ይባላል። ከዚህም በላይ በአንድ ስም የሚጠራው ፋይል ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የዘንድሮው የኒኮን ፋይልና የዛሬ አሥር ዓመቱ ሁለቱም ኤንኢኤፍ ቢባሉም፣ የአንዱ አቀማመጥ ሌላውን ላይመስል ይችላል።

አንድ ሶፍትዌር አዲስ ካሜራ «ያውቃል» የሚባለው ቢያንስ አራት ነገር ሲያውቅ ነው። አንደኛ፣ መረጃው እንዴት ተጨምቆ እንደተቀመጠና እንዴት እንደሚዘረጋ። ሁለተኛ፣ ለዚያ ሴንሰር ፍጹም ጥቁር የሚባለው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ከስንት በላይ ደግሞ ሴንሰሩ ሞልቶ እንደሚፈስ። ሦስተኛ፣ የዚያ ሴንሰር ቀይና አረንጓዴ ወደ ሰው ዓይን ቀይና አረንጓዴ የሚተረጎምበት ስሌት። አራተኛ፣ የሌንሱ መጣመምና የጠርዝ ጥቁረት የሚታረምበት መረጃ። የመጀመሪያው ከጎደለ ፋይሉ ጨርሶ አይከፈትም። ሌሎቹ ከጎደሉ ይከፈታል፤ ነገር ግን የሰው ፊት አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይወጣል።

አንድ ወጣት ዘመዴ ሠርግ እያነሳ ይተዳደራል። ባሕር ማዶ ያለች እህቱ አዲስ ካሜራ ላከችለት። በመጀመሪያው ሥራው ማግስት ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ካሜራው ብልሽት አለው መሰለኝ፤ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተሩ አልከፍትም አለኝ» አለኝ።

«ጄፔጎቹስ?»

«እነሱ ይከፈታሉ።»

«እንግዲያው ካሜራህ ጤነኛ ነው። ኮምፒዩተርህ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው ቋንቋውን ያልተማረው።»

ሶፍትዌሩ ካሜራው ከመሠራቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣ ነበር። ፋይሎቹን በነፃ መቀየሪያ ለውጠን ሥራው ለሙሽሮቹ ደረሰ። መንገዱን ወደ ኋላ እናገረዋለሁ።

ለመሆኑ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ እነዚህን ምስጢሮች ከየት ያገኛሉ? አንዳንዴ ካሜራ ሠሪው ይሰጣቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን ካሜራውን ገዝተው፣ በርካታ ፎቶ አንስተው፣ ፋይሉን እየፈቱ ይደርሱበታል። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው ዴቭ ኮፊን የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው። በ1997 ዲሲሮው የተባለ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረና እስከ 2018 ድረስ ለመቶዎች የካሜራ ሞዴሎች የፋይል አከፋፈት እየጨመረ ለማንም በነፃ ሰጠ። ሊብሮው የተባለውና ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የፕሮግራም ስብስብ የተገነባው በእሱ ሥራ ላይ ነው።

የመጠበቂያው ጊዜ እንደ ካሜራውና እንደ ሶፍትዌሩ ይለያያል። የካሜራ ሠሪው የራሱ ፕሮግራም ካሜራው ገበያ በገባበት ሰሞን ይደርሳል። እንደ አዶቤ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያክላሉ። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ግን ሊዘገዩ ይችላሉ። ካኖን ሲአር3 የተባለውን አዲስ ፎርማት ኢኦኤስ ኤም50 በተባለው ካሜራው ይዞ የመጣው በ2018 ነው። ዳርክቴብል የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ፎርማት መክፈት የቻለው በ2021 ታኅሣሥ በወጣው ዕትሙ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው። ፉጂፊልምም በ2012 ኤክስ-ፕሮ1ን ሲያወጣ ከቤየር የተለየ የማጣሪያ አደራደር ስለተጠቀመ፣ የታወቁት ሶፍትዌሮች እንኳ የዛፍ ቅጠልና የሣር ዝርዝር አጥርተው ለማውጣት ጊዜ ወስዶባቸዋል።

የተቆለፈው የማን ንብረት ነው?

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልግባ። በ2005 ኒኮን ዲ2ኤክስ የተባለውን የባለሙያ ካሜራ ሲያወጣ፣ በፋይሉ ውስጥ ያለውን የዋይት ባላንስ መረጃ፣ ማለትም ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የለካበትን ቁጥር፣ በምስጢር ኮድ ቆልፎ አስቀመጠ። የፎቶሾፕ ፈጣሪ ከሆኑት ወንድማማቾች አንዱ የሆነው የአዶቤው ቶማስ ኖል ጉዳዩን በአደባባይ ተቃወመ። ስጋቱ ቴክኒካዊ ብቻ አልነበረም። በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የቴክኖሎጂ ቁልፍ መስበርን ይከለክላልና፣ ኮዱን የፈታ ኩባንያ ሊከሰስ ይችላል የሚል ፍርሃት ነበር። ኮፊን ግን ብዙም ሳይቆይ ኮዱን ፈታው። ኒኮን በበኩሉ ፍላጎት ያላቸው ሶፍትዌር ሠሪዎች ቢያመለክቱ የመክፈቻ መሣሪያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሮው ፎርማቶች ይፋ ይሁኑ የሚለው ኦፕንሮው የተባለ እንቅስቃሴም በዚያው ዓመት ተነሳ።

የሕግ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። የተቆለፈው የማን ሥራ ነው? ፎቶውን ያነሳው ባለሙያው ነው፤ የቅጂ መብቱም የእሱ ነው። የአሜሪካው ሕግ ራሱ ቁልፍ መስበር የሚለው «ያለ መብቱ ባለቤት ፈቃድ» የተደረገውን ነው። ባለቤቱ የራሱን ቤት እንዲከፈትለት ሲጠይቅ በር ሰበረ ሊባል አይገባም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። ሆኖም ክርክሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ገበያው በራሱ መንገድ ሄደ። ፍርሃቱም አልጠፋም፤ ካለ ፍርድ የቀረ ፍርሃት ደግሞ እንደ ሕግ ይሠራል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራ አመንጪን ኢኮኖሚያዊ መብት ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። በ2000 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የተነሳ ፎቶ እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ ጥበቃ አለው ማለት ነው። አሁን ይህን 25 ዓመት ከሶፍትዌር ዕድሜ ጋር እናስተያየው።

አፕል አፐርቸር የተባለውን የባለሙያ ሶፍትዌር ይፋ ያደረገው በ2005 ነበር። በ2014 ልማቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፣ በ2015 ከሽያጭ አወጣው፣ በ2019 የመጣው የማክ ሥርዓት ደግሞ ጨርሶ አያስነሳውም። አዶቤ ላይትሩም 6ን በ2015 ሸጠ። ይህ አንድ ጊዜ ከፍለው ለዘለቄታው የሚጠቀሙበት የመጨረሻው ላይትሩም ሲሆን፣ የመጨረሻ ማሻሻያው የወጣው በ2017 ታኅሣሥ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ካሜራዎችን አያውቅም። የድሮ ካሜራ ያለው ሰው ሊሠራበት ይችላል፤ አዲስ ካሜራ የገዛ ግን በየወሩ ወይም በየዓመቱ ወደሚከፈልበት የደንበኝነት ክፍያ እንዲገባ ይገደዳል። ከኒኮን ጋር የተያያዘውም ምሳሌ አይናቅም። ካፕቸር ኤንኤክስ 2 በተባለው ፕሮግራም ለዓመታት የተሠራው ማስተካከያ በ2014 በተተካው ፕሮግራም ውስጥ እንዳለ አልቀጠለም።

የመጨረሻው ምሳሌ አንድ ነጥብ ያስገነዝበናል። የሮው ሶፍትዌሮች ዋናውን ፋይል አይነኩም። «እዚህ ጋ አብራ፣ እዚያ ጋ ቁረጥ» የሚለውን ትእዛዝ ለብቻው ይመዘግባሉ። ይህ ጥሩ ነው፤ ዋናው ፋይል አይበላሽም። ነገር ግን የአንዱን ሶፍትዌር ትእዛዝ ሌላው በትክክል አያነበውም። ስለዚህ የሚያሳስበን የፋይሉ መከፈት ብቻ ሳይሆን በላዩ ላይ ያፈሰስነው የብዙ ሌሊት ሥራም ጭምር ነው።

የኩባንያዎቹ ክርክርና የዲኤንጂ መፍትሔ

የካሜራ ሠሪዎቹንም ወገን መስማት ተገቢ ነው። የሴንሰር ቴክኖሎጂ በየዓመቱ ስለሚለወጥ አንድ ቋሚ ፎርማት እጃችንን ያስረዋል ይላሉ። የካሜራችን ቀለም መታወቂያችን ስለሆነ ሌላ ሶፍትዌር አበላሽቶ ሲያወጣው የሚታማው እኛ ነን ይላሉ። ሁለቱም ክርክር ውኃ ይቋጥራል። ነገር ግን ማንም የምስል አሠራር ምስጢራቸውን አልጠየቃቸውም። የሚጠየቁት የመዘገቡልንን የራሳችንን መረጃ እንዴት እንደሚነበብ እንዲገልጹልን ብቻ ነው። የምግብ ቤቱ አዘገጃጀት ምስጢር ሆኖ ይቅር፤ የሰጠነው ዕቃ ግን ይመለስልን።

መሆን እንደሚችል የሚያሳየው ዲኤንጂ ነው። ስሙ ዲጂታል ነጋቲቭ ማለት ሲሆን፣ አዶቤ በ2004 መስከረም ይፋ ያደረገው ፎርማት ነው። ዝርዝሩ በይፋ የታተመ ስለሆነ ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። ሌይካ በብዙ ካሜራዎቹ ይጠቀምበታል፣ ፔንታክስ እንደ አማራጭ ያቀርበዋል፣ አፕልም በ2020 በአይፎን 12 ፕሮ የጀመረው ፕሮሮው የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ካኖን፣ ኒኮንና ሶኒ ግን በዋና ካሜራዎቻቸው የየራሳቸውን ፎርማት ይዘው ቀጥለዋል።

ዘመዴ የተገላገለው በዚህ መንገድ ነው። አዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። ካሜራውን የሚያውቀው የኮንቨርተር ዕትም የአዲሱን ካሜራ ፋይል ወደ ዲኤንጂ ይለውጠዋል። አሮጌው ሶፍትዌር ደግሞ አዲሱን ካሜራ ባያውቅም ዲኤንጂውን ይከፍተዋል። ሆኖም ከለወጡ በኋላ ዋናውን ፋይል ማጥፋት አይመከርም። የካሜራ ሠሪዎቹ የራሳቸው ፕሮግራሞች በአብዛኛው የተለወጠውን ዲኤንጂ ስለማይከፍቱ ያ በር ይዘጋል።

በእኛ ሁኔታ ምን ይደረግ?

አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ ችግሩ ድርብ ነው። ካሜራው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ይመጣል፤ የሶፍትዌር ኪራይ ግን በውጭ ምንዛሪ ካርድ በየወሩ ይከፈል ሲባል መንገዱ ይጠብባል። ብዙው ሰው ከጓደኛው በፍላሽ የተቀበለውን የተገለበጠ ሶፍትዌር ይጠቀማል። ይህ በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉን ብንተወው እንኳ የተገለበጠው ሶፍትዌር አይታደስምና አዲስ ካሜራ በመጣ ቁጥር ባለቤቱን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። በነፃና በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ አማራጭ እያለ ይህ አያስፈልግም። ካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናልን፣ ኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮን ለካሜራዎቻቸው ባለቤቶች በነፃ ይሰጣሉ። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ደግሞ የማንም ካሜራ ላለው ሰው ነፃ ናቸው። አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ለመሥራት ኢንተርኔትም አይሹም።

ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት የሶፍትዌርዎ ሠሪ የሚያወጣውን የታወቁ ካሜራዎች ዝርዝር ይመልከቱ። የሞዴሉ ስም ከነፊደሉና ከነቁጥሩ መኖሩን ያረጋግጡ፤ አንድ ፊደል ልዩነት ሌላ ካሜራ ነው። ከጎኑ የተጻፈውን የሶፍትዌር ዕትም ቁጥርም ከራስዎ ጋር ያመሳክሩ። አዲሱ ዕትም በኮምፒዩተርዎ ዊንዶውስ ላይ የማይነሳ ከሆነ የካሜራው ዋጋ የኮምፒዩተር ዋጋም ይጨመርበታል። ሶፍትዌሩ ካሜራውን እስኪያውቀው ድረስ ካሜራውን ሮውና ጄፔግ በአንድነት እንዲመዘግብ ያድርጉት። ካርዱ ቶሎ ይሞላል እንጂ ሥራው አይቆምም። ያለቀለትን ፎቶ ሁልጊዜ በጄፔግ ወይም በቲፍ አውጥተው ያስቀምጡ፤ ያ እንግዲህ የማንንም ፈቃድ አይሻም። ዋናውን ፋይል በሁለት ዲስክ፣ በሁለት ቦታ ይያዙ። በዓመት አንድ ጊዜም ከአሮጌው ክምችት ጥቂቱን ከፍተው ይሞክሩ።

ለሠርግ ባለሙያዎችና ለደንበኞቻቸው ደግሞ የሕግ ምክር አለኝ። ሮው ፋይሉ ለደንበኛው ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ባለሙያው ለስንት ጊዜ ያቆየዋል? በምን ፎርማት? ይህን ሦስት መስመር በውሉ ውስጥ ይጻፉት። ሙሽሮቹ ከአምስት ዓመት በኋላ አልበማቸው ጠፍቶ ሲመጡ የሚያከራክረው ይኸው ነው። ፋይሉን የያዘ ባለሙያ «እኔ ነኝ ያነሳሁት» ብሎ ለመከራከርም ጠንካራ ማስረጃ አለው። ወርልድ ፕረስ ፎቶ የተባለው ታዋቂ ውድድር ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ካሜራው የመዘገበውን ዋና ፋይል አምጡ የሚለው ምስሉ እንዳልተነካካ ለማረጋገጥ ነው። ሁሉም በአንድ መንገድ አያስብም፤ ሮይተርስ በ2015 ለግል ፎቶ አንሺዎቹ ከሮው የተሠራ ፎቶ እንዳይልኩ፣ ካሜራው ራሱ ያወጣውን ጄፔግ ብቻ እንዲልኩ ነግሯቸዋል። ዜና ፍጥነትና ያልተነካካ ምስል ይፈልጋልና ምክንያቱ ይገባኛል። ማኅደር ግን ዜና አይደለም።

ለዚህም ነው የመጨረሻው ቃሌ ለተቋማት የሚሆነው። ሙዚየሞች፣ ጋዜጦች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች ካሜራ በጨረታ ሲገዙ ሜጋፒክስሉንና ዋጋውን ይጽፋሉ። ካሜራው የሚያወጣው ፋይል ዝርዝሩ በይፋ በታተመ ፎርማት ይሁን፣ ካልሆነም ወደዚያ የሚለውጠው መሣሪያ አብሮ ይቅረብ የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ወጪው የቀለም ብቻ ነው። ዛሬ የምናነሳው በዓል፣ ድልድይ፣ ሽማግሌና ሕንፃ ነገ ላይገኝ ይችላል። አንቀጹ ዛሬ ከተጻፈ፣ እኛ ባንኖርም ፋይሉ ይከፈታል።